አዲስ የዓሣ ገንዳ እርሾ ይፈልጋል

ደሴ ላይ የመጀመሪያውን አኳሪየም ቤቴ ያስገባሁ ጊዜ ስምንት ጎልድፊሽ ነበረኝ። በሰባተኛው ቀን ማለዳ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበር፤ ጠጠሩንም ሦስት ጊዜ አጥቤ ነው ያስገባሁት፤ ምግብም አላጓደልኩባቸውም። የሸጠልኝ ሰው "ውሃውን ሞልተህ በዚያው ቀን ጨምራቸው" ብሎኝ ስለነበር የት ላይ እንደተሳሳትኩ ማወቅ አልቻልኩም። የመጨረሻዋ ስትሞት በጉንጯ ግራና ቀኝ ያለው መተንፈሻዋ እሳት እንደነካው ቀልቶ፣ አፏ ከውሃው ገጽ ጋር ተጣብቆ ነበር። ያ መልክ ከዓይኔ አልጠፋም።

እነዚያን ዓሣዎች የገደላቸው በሽታ አልነበረም፤ ረኃብም አልነበረም። የገዛ ቆሻሻቸው ነው የመረዛቸው። በየዓመቱ ስንት ሕፃን ልደቱ ላይ በስጦታ ያገኘውን ዓሣ ሳምንት ሳይሞላው እያለቀሰ እንደሚቀብር ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ይህ ሞት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ዓሣ ምግብ በልቶ ፕሮቲኑን ሲፈጭ ሰውነቱ ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል። እኛ ይህንኑ ነገር ወደ ዩሪያ ለውጠን በሽንት እናስወጣዋለን፤ ዓሣ ግን በአብዛኛው እንዳለ በመተንፈሻው በኩል ወደ ውሃው ይለቀዋል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ቆሻሻውን የሚበላም ፍጥረት ሞልቷል። ቁመቱ 35፣ ስፋቱ 30፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ ግን የሚይዘው 63 ሊትር ብቻ ነው። ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ዓሣው በዚያ ሦስት ጀሪካን ውሃ ውስጥ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይጸዳዳል፤ መውጫ የለውም።

ሌላ ቦታ ይህንን ቆሻሻ የሚያነሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በስተቀር ዓሣን አይጎዳም፣ የውሃ ተክልም እንደ ማዳበሪያ ይመገበዋል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው ኪየቭ የተወለደው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1890 አካባቢ ነው። ሁለቱን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ መኖሩ ደግሞ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱም የዓሣ እርባታ ውሃ ማጣሪያ ነበር። ባክቴሪያዎቹ ውሃው ውስጥ ሲዋኙ አይውሉም። ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ መስታወቱ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ሙልጭልጭ ልባስ ተጣብቀው ይኖራሉ። አዲስ በታጠበ ገንዳ፣ አዲስ በታጠበ ጠጠርና ከካርቶኑ ገና በወጣ ማጣሪያ ውስጥ ግን የሉም፤ ወይም ከቁጥር የማይገቡ ናቸው።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ያስረዳኋት ዕለት ቡና እያፈላች ነበር። ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችና "እንዲያ ከሆነማ ልጄ፣ እርሾ የሌለው ሊጥ ላይ ነው ምጣድ የጣድከው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳስረዳ ከእሷ ቃል የተሻለ አላገኘሁም።

በእርግጥም ነገሩ እርሾ ነው። ጤፍ ተቦክቶ ዕለቱን አይጋገርም። እርሾው ሊጡን እስኪይዘው ይጠበቃል፤ እርሾ የሌላት ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ትዋሳለች፤ ቡሃቃውንም ሙልጭ አድርጎ የሚያጥበው የለም፣ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ የቀረው የነገ እንጀራ ነው። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ በክረምት ደሴ ላይ ሦስትና አራት ቀን እንደሚያስጠብቅ የሁለቱም ከተማ እናቶች ያውቃሉ። የገንዳው ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። ልዩነቱ የቀኑ ቁጥር ነው። ተራ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ባለ ውሃ አንድ ገንዳ "የሚቦካው" ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ማሞቂያ በሌለው ደሴ ቤት፣ ውሃው ሌሊት 16 ዲግሪ በሚወርድበት ወቅት፣ ሁለት ወር ቢፈጅ አይግረምዎት።

የሞቱም አመጣጥ ይህንን ይከተላል። ከሦስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ የሚገድለው አሞኒያ ነው። መተንፈሻው ይቀላል፤ ዓሣው ክንፎቹን ሰውነቱ ላይ አጥፎ ጥግ ይይዛል፣ ወይም ወለሉ ላይ ይተኛል። የአሞኒያው ባክቴሪያ ሲበረታ ዓሣው ይሻለዋል፤ ባለቤቱም "ተርፈዋል" ብሎ ያርፋል። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛው ሞት ይመጣል፤ የናይትራይቱ። ናይትራይት በመተንፈሻው ገብቶ የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ነገር ይለውጠዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል። ዓሣው በኦክስጅን ተከቦ ይታፈናል። መተንፈሻው ቀይ መሆኑ ቀርቶ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘና ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አየር የሚጎትት ከሆነ ነገሩ ይህ ነው።

አሞኒያው ምን ያህል ይገድላል የሚለው በውሃው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ብርቱ መርዝ ነው። ሚዛኑን የሚያጋድለው የውሃው ፒኤች ነው፤ ይህም ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ መቀነሱን የሚያሳይ መለኪያ ነው። በ25 ዲግሪ ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዘኛው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ከ5 በመቶ ያልፋል፤ 9 ሲደርስ ከሦስት እጅ አንድ እጁ መርዝ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት ዓሣ ሲተርፍ እዚያው ሰፈር ሌላው ቤት ቢያልቅ የዕድል ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ጉርሻ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የማዝንበት ቦታ እዚህ ነውና። እኛ የምንወደውን እናጎርሳለን። እንግዳ "በቃኝ" ቢል እንኳ "በሞቴ" ብለን አንድ እንጨምራለን። ያንን ልማድ ይዘን ገንዳው አጠገብ እንቆማለን፤ ጠዋት ልጁ ይቆነጥራል፣ ቀን አጎቱ ይቆነጥራል፣ ማታ አባትየው "ዓሣዎቹ በልተዋል?" ብሎ ይደግማል። ዳቦ ፍርፋሪ የሚጨምርም አለ። ዓሣው ሁሌም የራበው ይመስላል፤ ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስታወቱ ይሮጣል። ስሌቱን ልብ ይበሉ፤ የዓሣ ምግብ 40 በመቶው ያህል ፕሮቲን ነው፤ ከፕሮቲን ውስጥ ደግሞ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ ግራም ምግብ ሳይበላ ወለሉ ላይ ቢበሰብስ 64 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ወደ ውሃው ይገባል። በእኛ ሦስት ጀሪካን ውሃ ውስጥ ይህ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ፒኤቹ 8 በሆነ ውሃ ይህ ብቻውን የዓሣን መተንፈሻ መጉዳት ይጀምራል። ከአንድ ግራም ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓሣውን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይመግቡት። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም። ልጆች ካሉ የሳምንቱን ምግብ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ቀኑን ይጻፉበትና የቀረውን ቆርቆሮ ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጡ። እኔ ቤት የሠራው ይህ ነው።

ታዲያ ገንዳውን እንዴት እናቡካው?

ከሁሉ የሚሻለው ዓሣ ሳይገባ ማቡካት ነው። ገንዳውን ይሙሉ፤ ማጣሪያውንና የአየር ፓምፑን ቀንና ሌሊት ያሠሩ፤ ማሞቂያ ካለ 27 ዲግሪ አካባቢ ያድርሱት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨምሩ፤ ዓሣ እንዳለ አድርገው ማለት ነው። ምግቡ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይወጣል፣ ባክቴሪያው የሚበላው ያገኛል። የመመርመሪያ ፈሳሽ ወይም ወረቀት ካገኙ ሥራው በጣም ይቀላል፤ መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣና ይወርዳል፤ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ገንዳው ቦክቷል። መመርመሪያ ከሌለ የቀን መቁጠሪያን ማመን ነው፤ ኮምቦልቻ ስድስት ሳምንት፣ ደሴ ያለ ማሞቂያ ስምንት። ከዚያም ቢሆን መጀመሪያ ሁለት ዓሣ ብቻ ይግባ፤ ሁለት ሳምንት ደህና ከሰነበቱ ሌላ ሁለት።

በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ውሃው ድንገት እንደ ሩዝ ውሃ ነጣ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ገንዳውን ገልብጦ ያጥባል። አይንኩት። ያ ነጭ ነገር በፍጥነት የተራባ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል። ባጠቡት ቁጥር ከዜሮ ይጀምራሉ። ለወደፊቱም ማጣሪያው ሲቆሽሽ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ እንጂ ቧንቧ ሥር አድርጎ ማሸት አይገባም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያ እንዲገድል የተጨመረ ነው፤ የእኛን ባክቴሪያ ከሌላው አይለይም።

ሁለተኛው መንገድ እርሾ መዋስ ነው፤ ወር የሚፈጀውን ነገር ወደ ጥቂት ቀናት ሊያሳጥረው ይችላል። ወራት የቆየ፣ ዓሣው ጤነኛ የሆነ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካለዎት ከማጣሪያው ስፖንጅ ቁራጭ፣ ወይም በላስቲክ መረብ የታሰረ እፍኝ ጠጠር ይለምኑት። ዓሣ የታመመበት ገንዳ ከሆነ ግን ይቅር፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያም አለ፤ ትክክለኛው ዓይነት ከሆነና ሙቀት ሳይመታው ከደረሰ ይረዳል፣ እኔ ግን ከወዳጅ ስፖንጅ በላይ አላምነውም።

ዓሣው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነስ? አብዛኛው ሰው ይህንን ዓይነት ጽሑፍ የሚፈልገው ዓሣው መሞት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ውሃ መቀየር ነው። ዛሬውኑ ግማሹን ይቀይሩ፤ ከዚያ ገንዳው እስኪቦካ ድረስ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሩቡን ወይም ሲሶውን። ምግብ ለሁለትና ሦስት ቀን ያቁሙ። ማጣሪያውን አይንኩ፤ ጠጠሩን አይጠቡ። መርዙን እያቀጠኑ ባክቴሪያው እስኪደርስ ጊዜ መግዛት ነው። በናይትራይት ለተያዘ ዓሣ ደግሞ ጨው ትልቅ መድኃኒት ነው። የጨው ክሎራይድ ናይትራይቱ ወደ ዓሣው ደም የሚገባበትን በር ቀድሞ ይይዝበታል። በሊትር 1 ግራም፣ ለ63 ሊትር 60 ግራም ያህል የወጥ ቤት ጨው በቂ ነው። በአንድ ጣሳ ውሃ አሟሙተው ቀስ በቀስ ያፍስሱት፤ ደረቁን ጨው ዓሣው ላይ አይበትኑ።

የሚቀየረው ውሃ ራሱ ሌላ አደጋ እንዳይሆን። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁላችንም ውሃ እናጠራቅማለን፤ ይህ ለዓሣ መልካም ነገር ነበር፣ ችግሩ ጀሪካኑን መክደናችን ነው። ክሎሪን የሚወጣው አየር ሲያገኝ ነው። አፈ ሰፊ በሆነ ሳፋ ወይም ባልዲ ገልብጠው ለአንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ለሁለት ቀን ክፍት ያድርጉት፤ አየር ፓምፕ ቢጨመርበት ይፈጥናል። ውሃ አጋር ወይም ሌላ የማከሚያ ክሎሪን ቤት ውስጥ የጨመሩበትን የመጠጥ ውሃ በቀጥታ አይጠቀሙ። ባልዲው ለገንዳው ብቻ የተለየ ይሁን፤ በሳሙና ወይም በበረኪና የታጠበ ዕቃ ሽታው ቢጠፋም አይታመንም። ደሴ ላይ በረንዳ ያደረ ውሃ ጣት ያቆረፍዳል፤ ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ቀላቅለው ከገንዳው ሙቀት ጋር በሁለት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ካመጡት በኋላ ያፍስሱት።

ደጋ ላይ መሆናችን የሚጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ከቆላ ለቆላ የተጻፈ መመሪያ አይነግረንም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ ደሴ ላይ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ትሻላለች። ኦክስጅን የሚፈልገው ደግሞ ዓሣው ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ አራት ግራም ተኩል ያህል ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ በእኛ ከተሞች የአየር ፓምፕ ጌጥ አይደለም። ዓሣ ማብዛትም አይመከርም። መብራት ሲጠፋ ምግብ ያቁሙ፤ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ከገንዳው እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩ። የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ግን ሌሊቱን ያሻግራል። ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር ስለሆነ ገንዳ ባለበት ክፍል የትንኝና የዝንብ መርዝ አይርጩ፤ እነዚህ መርዞች ለዓሣ እጅግ አደገኛ ናቸው። የከሰል ጭስም ከገንዳው ራቅ ይበል።

ከዓሣም ዓሣ አለ። ጎልድፊሽ ቅዝቃዜ ስለሚችል ለደሴ ይስማማል፤ ነገር ግን ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጸዳዳል፣ ይተልቃል፤ ለ63 ሊትር ስምንቱ ቀርቶ አንዱም ውሎ አድሮ ይጠብበታል። እኔ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። ዜብራ ዳኒዮ የሚባለው ባለ መስመር ትንሽ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይችላል፤ ለደሴ ጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። ጋፒና ሞሊ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚወዱ ኮምቦልቻ ይቀላቸዋል።

ዓሣውን ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ የመጨረሻዋ ሰዓት ከመንገዱ ሁሉ ትከብዳለች። 400 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ፌስታል ጣርማ በር ላይ በከፍታው ተነፍቶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀቱ ሞቆ፣ ማምሻውን ደሴ ይገባል። በመንገዱ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፌስታሉን ውሃ ፒኤች ስላወረደው የተጠራቀመው አሞኒያ በማይጎዳው መልኩ ነው ያለው። ፌስታሉ ሲፈታ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መርዝነት ይዞራል። ስለዚህ ፌስታሉን ሳይፈቱ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ይፍቱና ሳይዘገዩ ዓሣውን በመረብ አንስተው ያስገቡት። የፌስታሉን ውሃ ይድፉት፤ ገንዳው ውስጥ ጠብታው እንዳይገባ።

ባለፈው ኮምቦልቻ ያለ የአክስቴ ልጅ ገንዳ ሲገዛ ከእኔ ማጣሪያ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጬ ላክሁለት። ለሚልክም ለሚቀበልም፣ ስፖንጁ መድረቅ የለበትም፤ ከራሱ ገንዳ በተቀዳ ውሃ እርጥብ ሆኖ፣ ግማሹ አየር በሆነ ፌስታል ይታሰር፣ የመኪናው መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። እንደደረሰ ሳይታጠብ በቀጥታ ወደሚሠራ ማጣሪያ ይግባ፤ በዚያው ቀንም አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ይግባለት፣ አለዚያ ቁንጥር ምግብ ይጨመርለት፤ የሚበላው አሞኒያ ያጣ እርሾ እየከሳ ይሄዳልና።